የጥይት ዋጋ ሲረክስ ዕዳውን የሚከፍለው ማን ነው?

ክቡር አዘጋጅ ሆይ፤

ስለ ኑሮ መወደድ በጋዜጣ የሚጽፉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚደርሱበት መደምደሚያ አንድ ነው፤ ይኸውም «ሻጭ ይብዛ፣ ነጋዴ ይወዳደር፣ ዋጋውም ይወርዳል» የሚል ነው። አሳቡ እውነተኛ ስለሆነ እኔም አልቃወመውም። ነገር ግን ዋጋው ሲወርድ አገር የሚጠቅም ዕቃ እንዳለ ሁሉ፣ ዋጋው ሲወርድ አገር የሚጎዳ ዕቃም አለ። ይህን ለይቶ የማያይ ሰው ስለ ገበያ የሚያውቀው ግማሹን ብቻ ነው። ዛሬ ልጽፍበት የተነሣሁት እንዲህ ስላለው ዕቃ፣ ማለት ስለ ጥይት ነው።

«የአዳማ ነዋሪ ስለ ጥይት ዋጋ ምን አገባው?» የሚል አንባቢ ቢኖር መልሱ ቀላል ነው። አዳማ፣ በቀድሞ ስሟ ናዝሬት፣ የመንገዶች መገናኛ ናት። ከጂቡቲ፣ ከድሬዳዋና ከሐረር የሚመጣው መኪና በአዋሽና በመተሐራ አድርጎ ወደ እኛ ይደርሳል። ከአሰላ የሚወርደውም መንገድ ከከተማችን ይገባል። ከሻሸመኔ ተነሥቶ በዝዋይና በመቂ በኩል የሚመጣውም ከእኛ እምብዛም ሳይርቅ ሞጆ ላይ ይገናኛል። በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው የቀድሞው ባቡር ያልፍ የነበረውም፣ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ ባቡር የሚያልፈውም በዚሁ በአዳማ ነው። ገበያችን የደራው መንገዳችን ስለበዛ ነው። መንገድ ግን ሽንኩርቱንና ጥይቱን ለይቶ አያውቅም፤ ሁለቱንም ያሳልፋል።

ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ ነውና አስቀድሜ በሽንኩርት ልጀምር። በመቂና በዝዋይ የሚገኝ ገበሬ ሽንኩርቱን ነቅሎ ከማሳው ዳር ሲከምር የሚመጣለት ደላላ አንድ ብቻ ከሆነ፣ ዋጋውን የሚቆርጠው ደላላው ነው። ሽንኩርት ሲያድር ስለሚበላሽ ገበሬው እምቢ ብሎ ወደ ቤቱ ሊመለስ አይችልም። ያው ደላላ ከተማ ሲደርስ ደግሞ ሌላ የሚያቀርብ ከሌለ፣ የቤት እመቤቲቱን በፈለገው ዋጋ ያስከፍላታል። ነገር ግን አምስትና ስድስት የጭነት መኪናዎች በአንድ ቀን ማሳው ዳር ቢቆሙ የገበሬው ዋጋ ከፍ ይላል፤ ከተማም ሲደርሱ እርስ በርሳቸው ስለሚሻሙ የሸማቹ ዋጋ ዝቅ ይላል። የሚጎዳው በመካከል ብቻውን ቆሞ ሲበላ የነበረው ሰው ነው። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ነጋዴዎች ተስማምተው ዋጋ እንዳይወስኑ የከለከለው በዚህ ምክንያት ነው። ሽንኩርት ሲረክስ የሚጠቀመው የገዛው ሰው ከነቤተ ሰቡ ነው፤ ጎረቤቱን የሚጎዳበት ምንም ነገር የለም።

ጥይትም በገበያ ሕግ በኩል ከሽንኩርት አይለይም። ሻጩ ሲበዛ ይረክሳል፤ ሻጩ ሲያንስ ይወደዳል። ለዚህም የአገራችን ታሪክ በቂ ምስክር ነው።

ዳግማዊ ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ በነበሩበት ጊዜ የጦር መሣሪያ ይዘው ወደ ሸዋ የሚመጡት ነጋዴዎች አንድ ወገን ብቻ አልነበሩም። ፈረንሳዮቹ በታጁራና በኦቦክ በኩል፣ ኢጣልያኖቹም በአሰብ በኩል ይመጡ ነበር። ሁለቱም የንጉሡን ወዳጅነት ይፈልጉ ስለነበር እርስ በርሳቸው ይቀናኑ ነበር፤ ምኒልክም ይህን ቅናት በሚገባ ያውቁበት ነበር። በ1880 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ የኢጣልያው መልእክተኛ አንቶኔሊ 5,000 ሬሚንግተን ጠመንጃ ለማምጣት ከንጉሡ ጋር የተዋዋለው ጠመንጃ ሸጦ ለማትረፍ ሳይሆን ወዳጅነት ለመግዛት ነበር። የሻጮች ፉክክር ከዚህ በላይ ሊሄድ አይችልም። በኋላም በየካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዐድዋ ላይ ኢጣልያን ከመቷት መሣሪያዎች መካከል ራሷ ያስገባችው እንደሚገኝበት ሁሉም የሚያውቀው ነው።

በ1879 ዓ.ም. ደግሞ አርተር ራምቦ የተባለው ፈረንሳዊ ነጋዴ (በአገሩ በባለ ቅኔነቱ ስመ ጥር የሆነው ሰው ነው) ከታጁራ ተነሥቶ በረሃውን ለወራት ተጉዞ ጠመንጃና ጥይት ይዞ ሸዋ ደረሰ። ብዙ ትርፍ ተስፋ አድርጎ ነበር። ነገር ግን ያን ያህል ጭነት ሊገዛው የሚችል ሰው በሸዋ ከንጉሡ በቀር አልነበረም፤ ዕቃውን ጭኖ በዚያ በረሃ ተመልሶ መሄድም አይቻለውም። ስለዚህ ንጉሡ ጠቅላላውን በቆረጡት ዋጋ ወሰዱት፤ ሟቹ የንግድ ባልደረባው ላባቱ የነበረበትም ዕዳ ከሒሳቡ ተቀነሰ። ራምቦ ከሰርኩ እያለ ሲያማርር ኖረ። ከዚህ የምንማረው ሻጭ ሲበዛ ብቻ ሳይሆን ገዢ አንድ ብቻ ሲሆንም ዋጋ እንደሚወርድ ነው። የመቂው የሽንኩርት ገበሬና የበረሃው የመሣሪያ ነጋዴ ሊመልሱት የማይችሉትን ጭነት ይዘው በአንድ ገዢ ፊት የቆሙ ሰዎች ናቸው።

የሻጮቹ ፉክክር ሲዘጋ የሆነውን ደግሞ እንይ። ኃያላን መንግሥታት ወደ አፍሪካ የሚገባውን የጦር መሣሪያ ለመገደብ በ1882 ዓ.ም. በብራስልስ ተስማሙ። እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ኢጣልያም በታኅሣሥ 1899 ዓ.ም. ወደ አገራችን ስለሚገባው መሣሪያ በመካከላቸው ውል አደረጉ። ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. ወደ መንግሥታት ማኅበር ስትገባም ስለ መሣሪያ ንግድ የተደረገውን ስምምነት እንድትቀበል ተጠየቀች። እንዲህ እየተባለ ሻጮቹ ተስማምተው በአንድ በር ቆሙ። በ1927 ዓ.ም. የኢጣልያ ወረራ እየቀረበ ሲመጣ ለሁለቱም ወገን መሣሪያ እንዳይሸጥ ተከለከለ። ክልከላው ለሁለቱም ነው ቢባልም ኢጣልያ ጥይቷን በፋብሪካዋ የምትሠራ ስትሆን ኢትዮጵያ ግን ከውጭ የምትገዛ ነበረች። የመንግሥታት ማኅበር በ1928 ዓ.ም. መጀመሪያ ክልከላው ከኢትዮጵያ ላይ እንዲነሣ ሲያደርግ ጦርነቱ ተጀምሮ ነበር። የፉክክር መዘጋት አባቶቻችንን ምን እንዳስከፈላቸው ከዚህ በላይ የሚያስረዳ የለም።

በጥይት ላይ ያለው ፉክክር ከሌላው ዕቃ የሚለይበት አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም እያንዳንዱ ጠመንጃ የራሱን ጥይት ብቻ የሚበላ መሆኑ ነው። የውጅግራ ጥይት ለምንሽር አይሆንም፤ የምንሽሩም ለለበን አይሆንም። ሽንኩርት ቢወደድ ሌላ ነገር ይበላል። ጠመንጃ የያዘ ሰው ግን የጠመንጃው ጥይት ቢወደድበት ወይ የተጠየቀውን ይከፍላል፣ ወይ ጠመንጃውን እንደ ዱላ ይይዘዋል። ስለዚህ ጠመንጃውን በርካሽ የሰጠ ሰው ትርፉን ከጥይቱ ሊለቅም ይችላል። በገበያ ላይ አንድ ዓይነት ጠመንጃ ሲበዛ ግን ጥይቱን የሚያመጡት ሻጮች ስለሚበዙ ዋጋው ይወድቃል። የክላሺንኮቭ ጥይት በዓለም ሁሉ እንደልብ የተገኘውም ብዙ አገሮች ስለሚሠሩት ነው።

ጥይት በአገራችን ከመተኮሱም በላይ ገንዘብ ሆኖ ያገለገለበት ዘመን ነበር። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት መጨረሻና ከዚያም በኋላ፣ ማርትሬዛ ብር ለትንሽ ግዢ ስለሚከብድ፣ በአያሌ ገበያዎች ጥይት ከአሞሌ ጨው ጋር እንደ ዝርዝር ያገለግል ነበር። ያን ጊዜ ጥይት በእጁ የያዘ ሰው እህል መግዛትም መግደልም ይችል ነበር። ዛሬ ጥይት ገንዘብ አይደለም፤ ሆኖም ሰው ሀብቱን ወደ ጥይት የሚለውጥበት ቦታ አልጠፋም።

ይህን ስል ከከተማችን በስተምሥራቅ ያለውን የአዋሽን ሸለቆ ማሰቤ ነው። በመተሐራና በፈንታሌ አካባቢ የሚኖረው የከረዩ ኦሮሞ አርብቶ አደር፣ የመተሐራ ስኳር እርሻና የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ሲቋቋሙ በበጋ ወራት ከብቱን ያሰማራበት የነበረውን የወንዝ ዳር ግጦሽ አጥቷል። መሬቱ ሲጠብ ከአፋር፣ ከአርጎባና ከኢሳ ጎረቤቶቹ ጋር በሣርና በውኃ ምክንያት የሚነሣው ጠብ በረታ። ቀድሞ በጦርና በጥቂት አሮጌ ጠመንጃ ይደረግ የነበረው ጠብ፣ በግንቦት 1983 ዓ.ም. የደርግ ሠራዊት ተበትኖ መሣሪያው በየገበያው ሲፈስ በክላሺንኮቭ የሚደረግ ሆነ። ያን ጊዜ ሻጩ የትየለሌ ነበር፤ ዋጋውም ረከሰ። እንግዲህ በገበያ ትምህርት መሠረት ይህ ለገዢው መልካም ዘመን መባል ነበረበት። ለመሆኑ ማን ተጠቀመ? ከአንድ ወገን አንድ ሰው ሲሞት ከሌላው ወገን ደም መላሽ ተነሣ፤ ከብት ተዘረፈ፤ መንገድ ተዘጋ፤ ልጆች ከትምህርት ቤት ቀሩ።

የሽንኩርትና የጥይት ልዩነት እዚህ ላይ ነው። ሽንኩርት የገዛ ሰው ራሱ ይበላዋል። ጥይት የገዛ ሰው ግን የሚገዛው ለሌላ ሰው ነው። በገበያው ላይ የተቆጠረው ብር ከዋጋው ጥቂቱ ብቻ ሲሆን፣ የቀረውን የሚከፍለው በግዢው ጊዜ ያልነበረ፣ ዋጋውንም ያልተከራከረ ሰው ነው። ስለዚህ «ውድድር ዋጋን ያወርዳል» የሚለው አባባል በጥይት ላይ ሲነገር ጎደሎ ነው። ውድድር የሚያወርደው የገዢውን ክፍያ ነው፤ የሟቹን ቤተ ሰብ ክፍያ ግን ከፍ ያደርገዋል።

በዚህ ብቻ አልወሰንም። በገበያ ላይ ያለው ፉክክር ሁለት ዓይነት ነውና፤ አንዱ የሻጮች፣ ሁለተኛው የገዢዎች ነው። ስለ ሻጮች ፉክክር ብዙ ይወራል፤ ስለ ገዢዎች ፉክክር ግን የሚያነሣው ጥቂት ነው። አንድ አርብቶ አደር በሬውን ሸጦ ጥይት ሲገዛ ወዶ አይደለም። የወንዙ ማዶ ሰው ገዝቷል ሲባል ስለ ሰማ ነው። የወንዙ ማዶ ሰውም የገዛው ይህኛው ይገዛል ብሎ ስለ ሠጋ ነው። ሁለቱ ጎረቤታሞች በነጋዴው ፊት እየተሻሙ ዋጋውን ራሳቸው ያስወድዱታል፤ ሁለቱም ድኻ ይሆናሉ፤ አንዳቸውም ግን ከትናንት ይልቅ ተማምነው አያድሩም። ሁለት ሰዎች እኩል ጨምረው ሲገዙ አንዱ ከሌላው አይበልጥም፤ የሚበልጠው የነጋዴው ኪስ ብቻ ነው።

ይህ የእኛ አገር ነገር ብቻ አይደለም። በአሜሪካ በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ በገባ ጊዜ ሕዝቡ በፍርሃት ጥይት ለመግዛት ስለ ተሻማ፣ ብዙ ሱቅና ነፃ ገበያ ባለበት አገር መደርደሪያው ባዶ ሆኖ ዋጋው በእጥፍና ከእጥፍም በላይ ወጣ። የሱቆቹ ብዛት ያልረዳውም ከሱቆቹ ኋላ ያሉት ትልልቅ ፋብሪካዎች ጥቂት ስለነበሩ ነው። በኤውሮፓም የዩክሬን ጦርነት ከተነሣ በኋላ መንግሥታት የመድፍ ጥይት ለመግዛት ተሽቀዳደሙ። በዚያን ጊዜ የኔቶ የጦር ኮሚቴ ሊቀ መንበር የነበሩት አድሚራል ሮብ ባወር በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ እንደ ተናገሩት፣ 2,000 ዩሮ የነበረው የ155 ሚሊሜትር የመድፍ ጥይት 8,000 ዩሮ ገባ። ሀብታሞቹ መንግሥታት እንኳ በፍርሃት ሲሻሙ እንዲህ ከሆኑ፣ አንድ በሬ ይዞ ገበያ የወጣው ሰው እንዴት ሊሆን ነው?

እንግዲህ ምን ይደረግ? ሁለት ዓይነት ምክር ሲሰጥ እሰማለሁ። አንዳንዱ ሰው «በድብቅ ከሚሸጥ በግልጽ ሱቅ ተከፍቶ ይሸጥ፣ መንግሥትም ቀረጥ ያግኝበት» ይላል። ይህ ሰው ሽንኩርትንና ጥይትን በአንድ ሚዛን የሚመዝን ነው። ሌላው ደግሞ «ፍተሻው ይጥበቅ፣ ኬላው ይብዛ፣ ነገሩ ያልቃል» ይላል። ኬላ አስፈላጊ መሆኑን አልክድም፤ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 ያለ ፈቃድ መያዝንና መነገድን መከልከሉም ተገቢ ነው። ነገር ግን የገዢው ፍርሃት ሳይቀንስ ሻጩ ብቻ ቢቀንስ ዋጋው ይወደዳል። የተወደደው ዋጋም ለኮንትሮባንዲስቱ ደመወዝ ይሆነዋል። በርካሽ ዘመን ደፍሮ የማያመጣው ሰው በውድ ዘመን ነፍሱን ሸጦ ያመጣዋል። ከሻጮቹ አሥሩ ተይዘው ሁለቱ ቢቀሩ፣ ሁለቱ የአሥሩን ትርፍ ይበላሉ።

ስለዚህ በበኩሌ የሚከተለውን አሳብ አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ የጥይት ሽያጭ በመንግሥት እጅ እንደ ተያዘ ይቆይ። ውድድር ይስፋ የምንለው በሽንኩርት፣ በሲሚንቶ፣ በዘይትና በጭነት መኪና ነው። በጥይት አይደለም።

ሁለተኛ፤ መንግሥት ራሱ ለሠራዊቱና ለፖሊሱ ሲገዛ ግን ሻጮቹን ያወዳድር። ገዢው አንድ፣ ሻጮቹ ብዙ ሲሆኑ ገዢው እንደሚጠቀም ዳግማዊ ምኒልክ አስተምረውናል። በአምቦ አካባቢ የሚገኘው የሆሚቾ ጥይት ፋብሪካም የ1928ቱ ችግር እንዳይደገም ትልቅ ዋስትና ነው። ነገር ግን ተወዳዳሪ የሌለው ፋብሪካ ወጪውን የሚቆጣጠርለት ገበያ ስለሌለው፣ በገበያ ፋንታ የሚቆጣጠረው የሒሳብ መርማሪ ሊኖር ይገባል።

ሦስተኛ፤ መሣሪያ ማስፈታትና መመዝገብ በወንዙ በሁለቱም ዳር በአንድ ቀን ይሁን። አንዱን ወገን አስፈትቶ ሌላውን መተው፣ የተፈታውን ሰው በማግሥቱ ተደብቆ በውድ ዋጋ እንዲገዛ ማስገደድ ነው። አስፈቺው ክልል ኦሮሚያ ቢሆን አፋር ተስማምተው በአንድነት ካልሠሩበት ድካሙ ሁሉ ከንቱ ይሆናል።

አራተኛና ዋናው፤ ገዢው እንዳይፈልገው ማድረግ ነው። የኦሮሞ ጃርሳ ቢያ፣ የአፋር መዳአ፣ የሶማሌ ሔር ጠብ ለማብረድ ከጥንት ጀምሮ የቆዩ ሥርዓቶች ናቸው። ሽማግሌዎቹ በሣሩና በውኃው ጉዳይ አስቀድመው እንዲቀመጡ፣ የወሰኑትንም ፖሊስና ፍርድ ቤት እንዲያስፈጽሙላቸው ቢደረግ፣ ከአንድ ሺህ ፍተሻ ይበልጣል። በሬው የተሰረቀበት ሰው ወደ ፖሊስ ሄዶ በሬው በሦስት ቀን የሚመለስለት ከሆነ፣ ሁለተኛውን በሬ ሸጦ ጥይት አይገዛም። በሸንኮራ እርሻው ዳር ለከብት ውኃ የሚወርድበት መተላለፊያ ቢኖርም እንዲሁ ነው። አንድ የውኃ ጉድጓድ ቢቆፈር ምን ያህል ጥይት ሳይገዛ እንደሚቀር የሚያሰላ ሰው ቢገኝ፣ ጉድጓዱ ርካሽ ሆኖ እንደሚገኝ አልጠራጠርም።

ከተማችን አዳማ የምትኖረው በሰላም በሚያልፍ ጭነት ነው። የመተሐራ መንገድ ሲዘጋ የሸቀጡ ዋጋ እዚህ በዚያው ቀን ይሰማል፤ ከብቱ ወደ ገበያ ካልወረደ ሥጋው ይወደዳል፤ የመኪናው ባለቤት ከሠጋ የጭነቱን ኪራይ ይጨምራል። ስለዚህ በአዋሽ ሸለቆ ጥይት የረከሰ ዕለት በአዳማ ሌላው ነገር ሁሉ ይወደዳል ብል ማጋነን አይሆንብኝም። የጥይቱን ገበያ የፖሊስና የአርብቶ አደር ጉዳይ ብቻ አድርገን የምናይ የከተማ ሰዎች፣ ዕዳው በእኛም ደብተር ላይ እንደ ተጻፈ ማወቅ ይገባናል።

የሻጮችን ፉክክር ሕግ ይከለክለዋል። የገዢዎችን ፉክክር ግን ሊያስቀረው የሚችለው ጎረቤት በጎረቤቱ ላይ ያለው እምነት ብቻ ነው። ይህን እምነት ለመመለስ የሚወጣው ገንዘብ ብዙ መስሎ ለሚታያቸው ሰዎች፣ እስከ ዛሬ በጥይት ያለቀውን በሬ እንዲቆጥሩ አደራ እላለሁ። የሰውን ነፍስ ቆጥሮ ዋጋ የሚያወጣለት ገበያ ግን የለም።

ከአክብሮት ጋር፣

አንድ የጋዜጣው አንባቢ
ከአዳማ